ትናንት ይከፈት የነበረው ፎልደር ዛሬ ለምን እምቢ አለ?

ቤት ውስጥ ሁለት ኮምፒውተር አለ። ሁለቱም አንድ ራውተር ላይ ናቸው፣ ኢንተርኔቱም ይሠራል። ከአንዱ ወደ ሌላው ፋይል ለመውሰድ ስትሞክሩ ግን ስምና የይለፍ ቃል ይጠይቃችኋል። ትክክለኛውን ትጽፋላችሁ፣ ተሳስታችኋል ይላል። ደግማችሁ ትጽፋላችሁ፣ አሁንም ያው ነው። ይህ እምቢታ ድሮም ነበር፤ ከነሐሴ 2017 ዓ.ም. ወዲህ ግን ብዙ ሰው ያልጠረጠረው አዲስ ምክንያት ተጨምሮበታል።

ምክንያት የሚሰጥ ሰው ደግሞ አይጠፋም። ቫይረስ ነው የሚል አለ። ራውተሩ ተበላሽቷል የሚል አለ። ዊንዶውስ 11ን የሚረግምም አለ። ጅማ ላይ ነገሩ ሁሉ ዞሮ ዞሮ በመብራት ይላከካል፤ እሱም ቢሆን፣ ዝቅ ብለን እንደምናየው፣ ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም።

ፍላሽ እያለ ይህ ሁሉ ለምን ያስጨንቃል? ፍላሽ ለትንሽ ነገር ይበቃል። አንድ ፎቶ ስቱዲዮ 40 ጊጋባይት የሰርግ ቪዲዮ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ማሻገር ሲኖርበት ግን ሥራው መመላለስ ብቻ ይሆናል፤ ፍላሹ ከየሰው ቤት የሰበሰበውን ቫይረስ ሳንቆጥር ማለት ነው። ቴሌግራም ክፍያ ካልከፈላችሁ በአንድ ፋይል ከ2 ጊጋባይት በላይ አይቀበልም፤ የሚቀበለውንም ልኮ መልሶ ማውረድ ፓኬጅ ይበላል። በቤት ውስጥ ኔትወርክ የሚያልፍ ፋይል ግን ከራውተሩ ወዲያ አይሄድም። ፓኬጅ አይነካም። ኢንተርኔቱ ቢቋረጥ እንኳ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ ይሠራል።

«ኔትወርክ የለም» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ አባባል ነው። አንድ ፎልደር ከሌላ ኮምፒውተር ላይ እንዲከፈት ሦስት የተለያዩ ነገሮች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ መልእክቱ እዚያኛው ኮምፒውተር ዘንድ መድረስ አለበት። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተሩ በዝርዝር ውስጥ መታየት አለበት፤ ይህ እንኳ ግዴታ አይደለም። ሦስተኛ፣ የደረሰው እንግዳ እንዲገባ ሊፈቀድለት ይገባል። ሦስቱም ሲበላሹ እኛ የምንለው አንድ ቃል ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። ጥገናውም እንደ ቃሉ የጅምላ ይሆናል። ራውተር ይቀየራል፣ ገመድ ይቀየራል፣ ዊንዶውስ ፎርማት ይደረጋል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።

አንድ ስም እዚህ ላይ እንተዋወቅ፤ ኤስኤምቢ። ዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ፋይልና ፕሪንተር ለመጋራት የሚነጋገሩበት ቋንቋ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ነው፤ ያኔ አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ማሽኖች እርስ በርስ ይተማመኑ ነበር። ዛሬ የምናየው እምቢታ በአብዛኛው ይህ የቆየ መተማመን ቀስ በቀስ ሲነሳ የሚሰማ ድምፅ ነው።

መድረስ፦ አድራሻ፣ ሁለት ራውተርና መብራት

እያንዳንዱ ኮምፒውተር ከራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይቀበላል፤ እንደ ቤት ቁጥር ያለ ነው። 192.168.1.5 እና 192.168.1.9 አንድ ሰፈር ናቸው። 192.168.1.5 እና 192.168.0.9 ግን በተለመደው የቤት ራውተር ሥርዓት ሁለት ሰፈር ናቸው። አድራሻው 169.254 ብሎ ከጀመረ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከራውተሩ ምንም አላገኘም፤ ለራሱ ቁጥር ሰጥቶ ተቀምጧል ማለት ነው።

ሁለቱ ሰፈሮች ከየት ይመጣሉ? ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው ራውተር። ከመስመሩ ጋር የመጣው አንድ አለ፣ ጓዳ ድረስ አልደርስ ሲል ከሱቅ የተገዛ ሌላ ይጨመራል። ሁለተኛው ራውተር ገመዱን «ዋን» (WAN) በተባለው ቀዳዳ ከተቀበለ የራሱን ሰፈር ይመሠርታል። ከዚያ አንድ አስገራሚ ነገር ይፈጠራል። ከውስጠኛው ሰፈር ወደ ውጨኛው መድረስ ይቻላል፤ ከውጨኛው ወደ ውስጠኛው ግን አይቻልም። «ከእሱ ወደ እኔ ይሠራል፣ ከእኔ ወደ እሱ አይሠራም» የሚል ነገር ከሰማችሁ መጀመሪያ ራውተር ቁጠሩ። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁለተኛውን ራውተር በቅንብሩ «አክሰስ ፖይንት» ማድረግ ነው፤ ሲግናል ብቻ ያሰፋል፣ አድራሻ ማደሉን ለመጀመሪያው ይተዋል።

አሁን ወደ መብራቱ። መብራት ሲጠፋ ርካሽ ራውተሮች ለማን የትኛውን ቁጥር እንደሰጡ ይረሳሉ። ሲመለስ እንደ አዲስ ያድላሉ፣ ትናንት 5 የነበረው ዛሬ 3 ሊሆን ይችላል። ዴስክቶፕ ላይ በቁጥር የተሠራው አቋራጭም ባዶ ቤት ያንኳኳል። ስለዚህ መብራት የሚሉ ሰዎች ምክንያት አላቸው፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም። በቁጥር ፈንታ በኮምፒውተሩ ስም መጥራት፣ ወይም ራውተሩ ውስጥ ለዋናው ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ማስያዝ ይበቃል።

የእንግዳ ዋይፋይም አለ። «ጌስት» ተብሎ የተከፈተ ዋይፋይ ተጠቃሚዎቹን ወደ ኢንተርኔት ያወጣል፣ እርስ በርስ ግን አያገናኝም። ሆን ተብሎ ነው የተሠራው። አንዳንድ ራውተር ላይ ይህ መከልከያ በዋናው ዋይፋይ ላይም ይበራል።

ፒንግ፣ ማለትም «አለህ?» ብሎ የሚጠይቀው ትእዛዝ፣ መድረስን ለመፈተን ጥሩ ነው። መልስ ካገኛችሁ መንገዱ ክፍት ነው። ካላገኛችሁ ግን አትደምድሙ፤ የዊንዶውስ ፋየርዎል ኔትወርኩን «ፐብሊክ» ብሎ ከመዘገበው ለፒንግ መልስ አይሰጥም። ፋየርዎል ማን ይግባ ማን ይመለስ የሚለውን የሚወስን ዘበኛ ነው።

መታየት፦ ብዙ የተወራበት፣ ትንሽ ጉዳይ

ዊንዶውስ አዲስ ዋይፋይ ሲያገኝ ካፌ ውስጥ እንዳለ ያህል ይጠነቀቃል። «ፐብሊክ» ይለዋል፣ ይደበቃል። ቤት ከሆናችሁ ወደ «ፕራይቬት» መቀየር፣ ከዚያ የኔትወርክ ማግኛውንና ፋይል ማጋሪያውን ማብራት ያስፈልጋል። ይህን በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ ማድረግ ነው። ድሮ «ሆምግሩፕ» የሚባል ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚሠራ ነገር ነበር፤ ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2018 ከዊንዶውስ 10 አውጥቶታል። አሮጌ ማስተማሪያ ቪዲዮ እያያችሁ ቁልፉን ስታጡት ስህተቱ የእናንተ አይደለም።

ኮምፒውተሩ በዝርዝሩ ባይታይም ግን ሊከፈት ይችላል። በፋይል መክፈቻው የአድራሻ መስመር ላይ ሁለት ባክስላሽ (\\)፣ ቀጥሎ የኮምፒውተሩን ስም ወይም ቁጥር ጻፉ። የይለፍ ቃል ከጠየቀ መድረስ ላይ ችግር የለባችሁም። ወደ ሦስተኛው ጥያቄ እለፉ።

መግባት፦ ፒን የይለፍ ቃል አይደለም

አብዛኛው ሰው ኮምፒውተሩን በአራት አሃዝ ፒን ይከፍታል። ያ ፒን ለዚያ ማሽን ብቻ ነው የተሠራው፤ በኔትወርክ አይሻገርም። በኢሜይል የማይክሮሶፍት አካውንት የገባችሁ ከሆነ የሚፈለገው የዚያ አካውንት ሙሉ የይለፍ ቃል ነው፤ ከሁለት ዓመት በፊት ጽፋችሁ የረሳችሁት። የይለፍ ቃል ጨርሶ የሌለው አካውንትም አይሠራም። ዊንዶውስ ባዶ የይለፍ ቃል ያለውን አካውንት ኪቦርዱ ፊት ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው የሚፈቅደው። ቀላሉ መላ ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለማጋራት ብቻ የሚያገለግል አንድ አካውንት ከነይለፍ ቃሉ መክፈት ነው።

ከገባችሁ በኋላ «ፈቃድ የለህም» ካለ ጉዳዩ ሌላ ነው። ፎልደሩ ሁለት ፈቃድ አለው፤ አንዱ የማጋሪያው፣ አንዱ የዲስኩ። ሁለቱ ሲጋጩ የጠበቀው ያሸንፋል። በማጋሪያው በኩል ለሁሉም ሰው ብትከፍቱት፣ ዲስኩ ያንን ሰው ካላወቀው አይከፈትም።

ዊንዶውስ 11 የሚረገመው ደግሞ በዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 በወጣው 24ኤች2 በተባለው እትም ማይክሮሶፍት «ፕሮ» በተባለው የዊንዶውስ ዓይነት ላይ ሁለት ነገር አጠበቀ። አንዱ ፊርማ ነው። እያንዳንዱ የኤስኤምቢ መልእክት በመንገድ ላይ እንዳልተነካ የሚያረጋግጥ ምልክት እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ሌላው «ጌስት» ሆኖ፣ ያለ ስምና ያለ የይለፍ ቃል መግባት ቀረ። ራውተር ላይ የተሰካ ሃርድ ዲስክ ያለ የይለፍ ቃል ይጠቀም የነበረ ሰው ከዚያ ዕለት ጀምሮ የድርጅትህ የደኅንነት ፖሊሲ ይከለክላል የሚል መልእክት ይመጣበታል። ቤቱ ተቀምጦ «የትኛው ድርጅት?» ቢል አይፈረድበትም።

ሞክሼዎቹ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ቢስተካከልም የማይፈታ አንድ ጉዳይ አለ። አዲሱ ምክንያት ያልነው ይህ ነው።

ዊንዶውስ ሲጫን ለማሽኑ አንድ መለያ ቁጥር ይፈጠርለታል። ኤስአይዲ ይባላል። የኮምፒውተሩ ስም ሊቀየር ይችላል፤ ይህ ግን ከዊንዶውሱ ጋር ይኖራል። ከፍላሽ ላይ አንድ በአንድ ከተጫነ እያንዳንዱ ኮምፒውተር የራሱን ያገኛል፤ ፍላሹ አንድ መሆኑ ምንም አያመጣም። ጥገና ቤት ውስጥ ግን ሌላ መንገድ አለ። አንድ ኮምፒውተር ላይ ዊንዶውሱ፣ ኦፊሱ፣ ፎቶሾፑ፣ የግእዝ ፊደል መጻፊያው ሁሉ ይጫናል። ከዚያ ዲስኩ እንዳለ ወደ ሌሎቹ ይገለበጣል። «ክሎን ማድረግ» ወይም «ጎስት» የሚሉት ነው። የሰዓታትን ሥራ ወደ ደቂቃዎች ያወርዳል። ከሌላው ሁሉ ጋር ግን መለያ ቁጥሩም ይገለበጣል። አሥር ኮምፒውተር፣ አንድ መለያ። ሞክሼዎች ናቸው፤ እንደ ሰው ሞክሼ በአባት ስም እንኳ አይለዩም።

ይህ ለረጅም ጊዜ ችግር አልነበረም። በዊንዶውስ ውስጣዊ አሠራር ዕውቀቱ የታወቀው ማርክ ሩሲኖቪች እ.ኤ.አ. በ2009 የኤስአይዲ መመሳሰል የሚያመጣው ጉዳት እንደሌለ ጽፎ፣ መለያ ለመቀየር ራሱ የሠራትን መሣሪያ ከአገልግሎት አወጣት። ማይክሮሶፍት በበኩሉ የተገለበጠ ዊንዶውስ ሲስፕሬፕ በተባለው የራሱ መሣሪያ መጽዳት አለበት ማለቱን አልተወም። ሲስፕሬፕ ከመገልበጡ በፊት ዊንዶውሱን ከማንነቱ የሚያራቁት ፕሮግራም ነው። ባለሙያው ሁለቱን ሰማ፣ የቀለለውን ያዘ። ማን ይፈርድበታል? ከአሥር ዓመት በላይ ምንም አልደረሰም።

እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 29 ቀን 2025፣ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡ ማሻሻያዎች ግን የዊንዶውስ 11 24ኤች2ና 25ኤች2 እትሞች መለያውን ማመሳከር ጀመሩ። ሁለት ማሽኖች አንድ ኤስአይዲ ይዘው ሲገናኙ ዊንዶውስ አንደኛው አስመሳይ ሊሆን ይችላል ብሎ ይጠረጥራል። የይለፍ ቃሉ ትክክል ቢሆንም አያስገባም። ማይክሮሶፍት ይህ ስህተት ሳይሆን ታስቦበት የተደረገ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይስተካከላል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ሌላም ነገር ተደረበበት። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ወደ 11 ለመሄድ የተጣደፈ ሰው ኮምፒውተሩን ጥገና ቤት ወሰደ፤ ጥገና ቤቱ የተዘጋጀ ዲስክ ካለው ገለበጠለት። የወንድምና የእህት ላፕቶፕ አብረው ሄደው አብረው ከተመለሱ ሞክሼ ሆነው የመምጣታቸው ዕድል ሰፊ ነው።

እንዴት ታውቃላችሁ? ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦ መንገዱ ክፍት ነው፣ የይለፍ ቃሉ ትክክል ነው፣ ሁለቱም ዊንዶውስ 11 ናቸው፣ በስምም በቁጥርም ብትሞክሩ እምቢ ይላል። በሌላ በኩል ኤስኤምቢ የሚችል የፋይል መክፈቻ ያለው ስልክ ያንኑ ፎልደር በዚያው የይለፍ ቃል ከከፈተ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ስልኩ ሞክሼ አይደለምና። ማረጋገጫው ደግሞ በትእዛዝ መስኮቱ ላይ ይገኛል። «ሁ አም አይ» የሚባለውን ትእዛዝ ከ«ዩዘር» አማራጩ ጋር (whoami /user) በሁለቱም ላይ አስኪዱት። ኤስ-1-5-21 ብሎ የሚጀምር ረጅም ቁጥር ይወጣል። ከ21 ቀጥለው ያሉት ሦስት ረጃጅም ቁጥሮች የማሽኑ ናቸው፣ የመጨረሻው አጭር ቁጥር የተጠቃሚው ነው። ሦስቱ በሁለቱም ላይ አንድ ከሆኑ አበቃ። ከፈለጋችሁ በዊንዶውሱ የክስተት መዝገብ፣ «ሲስተም» በሚለው ክፍል 6167 የሚል ቁጥር ፈልጉ፤ የማሽን መለያ አለመጣጣም የሚመዘገብበት ነው።

«ሁሉንም አጥፋው» የሚለው ምክር

ለዚህ ሁሉ የተለመደው መድኃኒት አጭር ነው። ፋየርዎሉን አጥፋ፣ የይለፍ ቃሉን አንሳ፣ አሮጌውን ኤስኤምቢ 1 አብራ። ይህን የሚመክሩ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ደንበኛ ቆሞ ይጠብቃል። ቤት ውስጥ ያለው አራት ሰው ነው፣ ማን ምን ይሰርቃል? ደግሞ ብዙ ጊዜ ይሠራ ነበር።

የሌላው ወገን መልስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ላይ ያርፋል። ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ በዚያ ዕለት በዓለም ዙሪያ ተዛመተ። የገባበት ቀዳዳ ኤስኤምቢ 1 ነበር፤ ማንም ምንም ሳይነካ ከማሽን ወደ ማሽን ይዘል ነበር። ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ከሁለት ወር በፊት አውጥቶ ነበር፣ ያልጫኑት ተመቱ። እ.ኤ.አ. በ2017 መገባደጃ ላይ ኤስኤምቢ 1 ከአዲስ ዊንዶውስ ጋር መጫኑ መቅረት ጀመረ። ቤት ውስጥ ሌባ የለም ማለት ልክ ሊሆን ይችላል። ግን አንዱ ላፕቶፕ ግቢ ይውላል፣ ዩኒቨርሲቲው ዋይፋይ ላይ ይሰካል፣ ማታ ይመለሳል። የጠፋው ፋየርዎል የሚቆጨው ያኔ ነው።

ከሁለቱም በላይ ግን ምክሩ አሁን አሁን መሥራቱን እያቆመ ነው። የይለፍ ቃል ማንሳት ሰውየውን «ጌስት» ያደርገዋል፣ 24ኤች2 ፕሮ ደግሞ ጌስት አይቀበልም። ማጥፋቱ ራሱ ችግሩን ይፈጥራል። ኤስኤምቢ 1 ማብራት ደግሞ የሁለት ዊንዶውስ 11ን ጠብ የሚፈታበት መንገድ የለውም፤ ሁለቱም በአዲሱ ነው የሚነጋገሩት። ፋየርዎልን ለአምስት ደቂቃ አጥፍቶ መፈተን ለምርመራ ይጠቅማል። አጥፍቶ መተው ጥገና አይባልም።

ከዚህ በኋላስ?

የሚከብደው ለግለሰብ ሳይሆን በጅምላ ለሚጭን ነው። የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ክፍል፣ የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩ ቤቶች፣ አንድ ፕሪንተር ለአራት ኮምፒውተር የሚያጋሩ ትንንሽ ቢሮዎች በአብዛኛው የሚሞሉት በግልባጭ ነው። ማሻሻያውን እየዘለሉ የቆዩት ላይ ችግሩ ገና አልታየም። ማሻሻያው ሲገባ አንድ ጠዋት ፕሪንተሩም ፎልደሩም አብረው እምቢ ይላሉ፤ ሁሉም ወደ ራውተሩ ይሮጣል። ማሻሻያ ዘግቶ መኖር ይቻላል ወይ? ለጊዜው ይቻላል። ዋናክራይ የመታቸውም እንዲሁ ያሉት ናቸው።

ለጥገና ቤቶች ለውጡ ያን ያህል የከፋ አይደለም። መገልበጥን መተው የለባቸውም፤ ከመገልበጥ በፊት ሲስፕሬፕን ማስኬድ ነው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ግልባጭ ሲነሳ የራሱን መለያ ያበጃል። በሥራው ላይ የሚጨምረው ደቂቃዎች ነው። ደንበኛም ላፕቶፑን ሲረከብ ዋጋ ከመከራከሩ ጎን አንድ ጥያቄ ቢጨምር ይሻላል፦ ከፍላሽ ነው የተጫነው ወይስ ዲስክ ተገልብጦ?

ሞክሼ ሆኖ ለተገኘ፣ ሥራ ላይ ላለ ኮምፒውተር ግን ሲስፕሬፕን እንደ ክኒን አትዋጡት። አካውንቶችንና ቅንብሮችን ይነካል፣ ከመደብሩ የወረዱ አፖች ካሉም መሀል ላይ ሊቆም ይችላል። ማይክሮሶፍት ለድርጅቶች በድጋፍ ክፍሉ በኩል የሚሰጠው ጊዜያዊ ማለፊያ አለ፤ ለቤት ግን ንጹሑ መንገድ ፋይሉን ወደ ውጭ ዲስክ አውጥቶ ዊንዶውሱን ከፍላሽ እንደ አዲስ መጫን ነው። ሁሉንም መጫን ደግሞ አያስፈልግም። ሁለት ሞክሼ ካላችሁ አንዱን ብቻ እንደገና ጫኑ፣ አምስት ካላችሁ አራቱን። የሚተርፈው አንዱ መለያውን ይዞ መኖር ይችላል፤ ብዙ ፕሮግራም ያለበትን፣ እንደገና ለመጫን የሚያስቸግራችሁን ለእሱ ምረጡ።